«ይርጋጨፌ»ን የሚቆርጠው ትእዛዝ

«ይርጋጨፌ» ለእኛ አምስት ፊደል ነው። ለኮምፒውተር ግን 15 ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ከት» የሚባለውን የዩኒክስ ትእዛዝ ሦስት ፊደል ቆርጠህ አምጣ ብትሉት ማክ «ይርጋ» ይላችኋል። ኡቡንቱ ግን ለረጅም ዓመታት «ይ» ብቻ ሲመልስ ኖሯል። የጌዴኦ ዞን ተማሪዎችን ስም ዝርዝር በዚህ መንገድ የሚያዘጋጅ ሰው ቢኖር፣ የማን ስም ተቆርጦ እንደሚቀር የሚወስነው የተቀመጠበት ማሽን ነው ማለት ነው።

ልዩነቱ የቆየ ነው። የቦርን ሼል እ.ኤ.አ. በ1979 ከዩኒክስ ሰባተኛ እትም ጋር ወጣ። ከዚያ በኋላ በርክሌይ በአንድ በኩል፣ ኤቲ ኤንድ ቲ በሌላ በኩል የየራሳቸውን መንገድ ያዙ፤ ትእዛዞቹም ስማቸው አንድ፣ ጠባያቸው ሁለት ሆነ። ፖዚክስ የተባለው ስምምነት በ1992 የሼሉን ቋንቋ በጽሑፍ አሰረው። በዚያው ዓመት ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ዩቲኤፍ-8ን ነደፉ። የእኛ ፊደል ግን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። እስከዚያ ድረስ በአንዱ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን እንደነበር የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች አይረሱትም።

በ2006 ኡቡንቱ ፍጥነት ፈልጎ የስክሪፕት ማስኬጃውን ከባሽ ወደ ዳሽ ቀየረ። ፖዚክስ ርዝመት በፊደል ይቆጠር ይላል፤ ዳሽ ግን ለዓመታት በባይት ነበር የሚቆጥረው። «ጌዴኦ» ለባሽ 3፣ ለዳሽ 9 ሆነ።

ባለሙያዎች ስክሪፕት በየትኛውም ማሽን እንዲሠራ ሲፈልጉ የሚሰጡት ምክር የቋንቋ ቅንብሩን «ሲ» አድርጉት የሚል ነው። ለእንግሊዝኛ ደግ ምክር ነው። ለእኛ ግን ፊደሉን ወደ ባይት መልሶ ይበትነዋል፤ በሽታውን መድኃኒት ብሎ መስጠት ነው። እኔ በበኩሌ የምመርጠው ዩቲኤፍ-8 ቅንብርን በግልጽ መጥራትና ስክሪፕቱን በአማርኛ ስም፣ ቢያንስ በሁለት ዓይነት ማሽን ላይ መፈተን ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። ሊኑክስ የሚጠቀምበት የጂኤንዩ ሲ ቤተ መጻሕፍት ለአማርኛ፣ ለሲዳሙ አፎና ለወላይትኛ የአካባቢ ፋይል አለው። ለጌዴኡፋ የለውም። ፋይሉ የቀናትና የወራት ስም፣ የቁጥርና የገንዘብ አጻጻፍ የያዘ ተራ ጽሑፍ ነው፤ የዲላ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተርና የቋንቋ ተማሪዎች በአንድ ሴሚስተር ሊጨርሱት ይችላሉ።