ከቀደሙት የቀረ፦ ኦላቭ የተባለው የስካንዲኔቪያ ስም አመጣጥና ስርጭት

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የአማርኛ ተረት። በጥንቱ የስካንዲኔቪያ ማኅበረሰብ ግን ስምን የሚያወጣው ያለፈ ዘመድ ነበር ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ለተወለደ ሕፃን የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ወይም በቅርቡ ያረፈ ዘመዱን ስም መስጠት የተለመደ ነበር፤ በዚህም መንገድ የሞተው ሰው በትውልዱ መካከል ስፍራውን ሳይለቅ ይቆያል። ይህን አስተሳሰብ በገዛ ፍቺው ውስጥ ተሸክሞ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የዘለቀ አንድ የወንድ ስም አለ። ኖርዌያውያን ኦላቭ፣ ስዊድናውያን ኡሎፍ፣ ዴንማርካውያን ኦሉፍ፣ አይስላንዳውያን ኦላፉር ይሉታል። የአማርኛ አንባቢ ስሙን ይበልጥ የሚያውቀው በ1986 በስቶክሆልም መንገድ ላይ በተገደሉት የስዊድን ጠቅላይ ሚኒስትር በኦሎፍ ፓልሜ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ጽሑፍ የስሙን አመጣጥና ስርጭት በሦስት ጥያቄዎች ዙሪያ ይመረምራል። የስሙን ጥንታዊ ድምፅ ጠብቆ ያቆየው ማን ነው? ከአምልኮ ሙታን የተወለደ ስም እንዴት የክርስቲያን ቅዱስ ስም ለመሆን በቃ? ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ የነበረው ስምስ በመንግሥት መዝገብ ፊት ምን ደረሰበት? ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. ፍቺና ሥርወ ቃል

የስሙ ጥንታዊ መልክ በታሪካዊ ሥነ ልሳን ዘዴ «አኑላይባዝ» ተብሎ መልሶ ተገንብቷል። ስሙ ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው «አኑ» ቅድመ አያት ወይም የዘር አባት ማለት ሲሆን፣ ዛሬ በጀርመንኛ ለቅድመ አያት የሚነገረው «አን» የተባለው ቃል የቅርብ ዘመዱ ነው። ሁለተኛው «ላይባዝ» ደግሞ የቀረ፣ ተራፊ፣ ወራሽ የሚል ፍቺ አለው። በጥንታዊው የጎት ቋንቋ «ላይባ» ተራፊ ማለት ነበር፤ በእንግሊዝኛ መተውን የሚገልጸው ግስም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። በ1000 ገደማ ሰሜን አሜሪካን የረገጠው የአይስላንድና የግሪንላንድ ሰው ሌይፍ ኤሪክሶን የተጠራበት ስም ይኸው ሁለተኛ ክፍል ለብቻው ቆሞ ነው።

ስለዚህ ኦላቭ ማለት «ከቀደሙት የቀረ»፣ «የአባቶች ተራፊ» ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ፍቺ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ምትኩ፣ ተካ፣ ካሳ የሚሉት ስሞች የሚወጡት ብዙ ጊዜ ከሐዘን በኋላ ለተወለደ ልጅ ነው፤ የጎደለውን የሚሞላ፣ የሄደውን የሚተካ መጣ ለማለት። ልዩነቱ የአማርኛዎቹ ስሞች ፍቺ ለሰሚው ሁሉ ግልጽ መሆኑ ነው። የኦላቭ ፍቺ ግን በድምፅ ለውጥ ተሸፍኖ ስለ ቀረ የዛሬው ኖርዌያዊ ስሙን ሲጠራ ትርጉሙን አይሰማውም፤ ስሙን የሚያወጣው አያቱን አስቦ እንጂ ቃሉን ፈትቶ አይደለም።

2. ባዕድ የጠበቀው ድምፅ

ከ«አኑላይባዝ» ወደ ኦላቭ የተደረገው ጉዞ በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ የነበረውን «ን» አጥፍቷል። ይህ ሰርናዊ ድምፅ፣ ማለትም በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ፣ ከ«ል» በፊት ሲወድቅ ከእርሱ በፊት የነበረውን አናባቢ አስረዝሞ አናባቢው ራሱ በአፍንጫ እንዲነገር አደረገ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በአይስላንድ የተጻፈ አንድ የሰዋስው ድርሳን እንደነዚህ ያሉትን አናባቢዎች ከተራዎቹ ለመለየት ከፊደሉ በላይ ነጥብ እንዲደረግ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ ተከታይ አላገኘም፤ በአብዛኞቹ የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎችም የአፍንጫው ድምፅ ጠፋ። ባለቤቶቹ ራሳቸው በኋላ ዘመን በጻፉት ስም ውስጥ የ«ን» ምልክት የለም።

ምልክቱን የጠበቁት ስሙን የሰሙት ባዕዳን ናቸው፤ እነዚህም በአብዛኛው በሰይፍ የተዘረፉና የተወረሩ ሕዝቦች ነበሩ። የእንግሊዝ መነኮሳት በዜና መዋዕላቸው ውስጥ ስሙን «አንላፍ» ብለው ጻፉት። በ937 በብሩናንቡር በተደረገው ታላቅ ጦርነት የደብሊኑን ኖርሳዊ ንጉሥ የሚጠሩት በዚህ መልክ ነው። ያው ንጉሥ በ940 ገደማ በዮርክ ከተማ ባሳተመው የብር ሳንቲም ላይ የቁራ ሥዕል ይታያል፤ ዙሪያውንም በላቲን ፊደል «አንላፍ ኩኑንክ»፣ ማለትም «ንጉሥ አንላፍ» የሚል ተጽፏል። ማዕረጉ በራሱ በንጉሡ ቋንቋ ሲሆን ስሙ ግን እንግሊዞች በሰሙት ድምፅ ተቀርጿል።

የአየርላንድ ጸሐፍት ደግሞ ስሙን «አምላይብ» ብለው መዘገቡት። የአልስተር ዜና መዋዕል በ853 አምላይብ የተባለ የባሕር ማዶ ንጉሥ ልጅ ወደ አየርላንድ እንደ መጣና በዚያ የነበሩት ባዕዳን ሁሉ እንደ ተገዙለት ይናገራል። እዚህ ላይ በ«ም» ፊደል የተወከለው በአፍንጫ የሚነገር ለስላሳ ድምፅ ነው። የእንግሊዙ «ን» እና የአየርላንዱ «ም» ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች ናቸው፤ ቃላቸው ግን ይስማማል። ሁለቱም በ9ኛውና በ10ኛው ክፍለ ዘመን ቫይኪንጎቹ ስማቸውን ሲናገሩ አፍንጫቸው ውስጥ ይሰማ የነበረውን ነገር አቆዩልን። የአንድ ቋንቋ ታሪክ በገዛ ተናጋሪዎቹ ጽሑፍ ብቻ ሊጻፍ እንደማይችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ወደ ምሥራቅም ስሙ ተጉዟል። የኪየቭ ሩስ መሳፍንት ከቢዛንታይን ጋር በ944 ባደረጉት ውል ውስጥ ከተዘረዘሩት ስሞች አንዱ «ኡሌብ» ነው፤ ይህም በስላቭኛ አንደበት የተለወጠው ኦላቭ ነው።

በምዕራቡ ወገን ስሙ ሥር ሰድዶ የአገር ልጅ ሆነ። በጌልኛ «ማክ» ልጅ ማለት ነው። «የአምላይብ ልጅ» የሚለው ሐረግ በስኮትላንድ ማካውሊ፣ በአየርላንድ ማካውሊፍ፣ በማን ደሴት ደግሞ ካውሊ የሚሉ የቤተሰብ ስሞችን ወለደ። ዛሬ ማካውሊፍ የሚባል አየርላንዳዊ ራሱን ጥርት ያለ ጌል አድርጎ ቢቆጥር የሚቃወመው የለም፤ በስሙ ውስጥ ግን የኖርስ አያት አለ።

3. የሙታን ስም፣ የቅዱስ ስም

ስሙን ለሁለተኛ ጊዜ ከአገር ወደ አገር ያሰራጨው ሃይማኖት ነው። በኖርዌይ ክርስትናን በማስፋፋት የሚታወቁት ሁለት ነገሥታት ሁለቱም ኦላቭ ነበሩ። የመጀመሪያው ኦላቭ ትሪግቫሶን ከ995 እስከ 1000 ገዝቶ በባሕር ጦርነት ወደቀ። ሁለተኛው ኦላቭ ሃራልድሶን በ1015 ሥልጣን ይዞ በ1028 ተሰደደ፤ ዙፋኑን ለማስመለስ ተመልሶም በ1030 በስቲክለስታ የጦር ሜዳ በገዛ አገሩ ሰዎች እጅ ተገደለ። ባረፈ በዓመቱ፣ በ1031፣ ዐፅሙ ወጥቶ ኤጲስ ቆጶስ ግሪምኬል ቅዱስነቱን አወጀ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በላቲን የተጻፈ የኖርዌይ ታሪክ «የኖርዌይ ዘላለማዊ ንጉሥ» ይለዋል።

እዚህ ላይ ስሙ ከራሱ ፍቺ ጋር ይጋጫል። «ፍላተይያርቦክ» በተባለው የ14ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የአይስላንድ የብራና መጽሐፍ ውስጥ ስለ ቅዱሱ የተነገረ አንድ ትውፊት አለ። ከእርሱ ብዙ ዘመን በፊት የነበረ ኦላቭ የተባለ ንጉሥ በጉብታ መቃብር ተቀብሮ ነበር። ሃራልድሶን ሊወለድ ሲል ጉብታው ተከፍቶ የሟቹ ሰይፍ፣ ቀለበትና ቀበቶ ወጡ፤ ለእናቱም ተሰጡ፤ ሕፃኑም በሟቹ ስም ተጠራ። ሕፃኑ አድጎ ከነገሠ በኋላ ከአጃቢዎቹ ጋር በዚያ መቃብር አጠገብ ሲያልፍ አንዱ አጃቢ ንጉሡ በዚያ ተቀብሮ እንደ ነበር ጠየቀው። ንጉሡ ግን ነፍሱ ሁለት ሥጋ ይዛ እንደማታውቅና ወደ ፊትም እንደማትይዝ መለሰ፤ እንዲህ ያለውን ነገር አምኖ መናገርም ከእውነተኛው እምነት መውጣት መሆኑን ገለጸ፤ ፈረሱንም ኮርኩሮ ከስፍራው ራቀ።

ትውፊቱ የተጻፈው በክርስቲያኖች እጅ፣ ንጉሡም ከሞተ ከሦስት ክፍለ ዘመናት በላይ ቆይቶ በመሆኑ በእርግጥ ለሆነው ነገር ማስረጃ አይሆንም። ሰዎች ስለ ስሙ ያስቡት ለነበረው ነገር ግን ጥሩ ምስክር ነው። አጃቢው ስሙን እንደ ጥንቱ ተረዳው፦ ስሙ ከተመለሰ ሰውየውም ተመልሷል ብሎ። ንጉሡ ስሙን ተቀብሎ እምነቱን ጣለ። ከዚያ በኋላ ለሚወለዱት ኦላቮች ሁሉ መንገዱን የከፈተው ይህ ነው፤ ስሙ የጉብታው ሟች መመለሻ መሆኑ ቀርቶ የሰማዕት መታሰቢያ ሆነ።

የቅዱሱ ክብር በፍጥነት ተስፋፋ። በ1055 ያረፈው የኖርዘምብሪያ ገዥ ሲዋርድ በዮርክ በቅዱስ ኦላቭ ስም ባሠራው ገዳም ተቀበረ። በለንደን በርካታ አብያተ ክርስቲያናት በስሙ ተሠርተዋል፤ በቴምዝ ወንዝ ደቡብ ዳርቻ የሚገኘው ቱሊ ጎዳና ስያሜውን ያገኘው «ሴንት ኦላቭ» ከሚለው ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ ያለው «ት» «ሴንት» ከሚለው ቃል ጫፍ ተቆርሶ የቀረ ነው። በታሊን የቅዱስ ኦላቭ ቤተ ክርስቲያን ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይጠቀሳል። በፊንላንድ በ1475 መገንባት የጀመረው የኦላቪንሊና ምሽግም በቅዱሱ ስም ተሰይሟል። ኦሌቭና ኦላቪ ዛሬም በኤስቶንያና በፊንላንድ ለወንድ ልጅ የሚወጡ ስሞች ናቸው።

4. ከቤተ መንግሥት ወደ እርሻ

በ1537 የሉተር ተሐድሶ በኖርዌይ ሲጸና የቅዱሱ የብር ሣጥን ወደ ዴንማርክ ተወስዶ ቀለጠ፤ የመጨረሻው የካቶሊክ ሊቀ ጳጳስም አገር ጥሎ ተሰደደ። የሊቀ ጳጳሱ ስም ራሱ ኦላቭ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1387፣ ወጣቱ ንጉሥ ኦላቭ አራተኛ ሲሞት ስሙ ከዙፋኑ ወርዶ ነበር። አገሪቱም ከዴንማርክ፣ ቆይቶም ከስዊድን ጋር በአንድ ዘውድ ሥር ኖረች።

ንጉሡም ቅዱሱም ሲጠፉ ስሙ አልጠፋም፤ ገበሬው ይዞት ነበርና። በገጠር ልማድ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት ስም ይጠራል። ስለዚህ ሃንስ የወለደው ኡሌ፣ ኡሌ የወለደው ሃንስ እየተባለ ስሙ በየትውልዱ ተራውን እየጠበቀ ይመለስ ነበር። ኡሌና ኡላ ከኦላቭ ያጠሩ የየቀኑ መልኮች ናቸው። አማርኛ የንባብ መጽሐፍ አበበን እንደሚጠራ ሁሉ፣ ኖርዌያውያንም ተራውን ዜጋ በአንድ ሰው መስለው ሲናገሩ «ኡላ ኖርማን» ይሉታል።

በ1905 ኖርዌይ ከስዊድን ስትለይ የዴንማርኩ ልዑል ካርል በሕዝብ ድምፅ ተደግፎ ነገሠ፤ ስሙንም ለውጦ ሆኮን ሰባተኛ ተባለ። በ1903 የተወለደው ልጁ አሌክሳንደርም ኦላቭ ተባለ። ይህ ሕፃን በ1957 ኦላቭ አምስተኛ ተብሎ ሲነግሥ ስሙ ከ570 ዓመታት በኋላ ወደ ዙፋኑ ተመለሰ። ከባሕር ማዶ የመጣ ቤተሰብ የአገሬው ሆኖ ለመቆጠር ቅድሚያ የያዘው ነገር የአገሬውን ስም መልበስ ነበር።

5. መዝገቡና የአባት ስም

በአሮጌው ልማድ «ኡልሰን» ማለት የኡሌ ልጅ ማለት ብቻ ነበር፤ የኡልሰን ልጅ በዚያ አይጠራም፣ የራሱን አባት ስም ይይዛል እንጂ። ዘመናዊው መንግሥት ግን ግብር ከፋዩንና ወታደሩን በማይለወጥ ስም መመዝገብ ፈለገ። ስዊድን በ1901፣ ኖርዌይ በ1923 ባወጧቸው ሕጎች ቋሚ የቤተሰብ ስም ጸና። በአንድ ትውልድ ላይ የነበረው አባት ለዘለዓለም አባት ሆኖ ቀረ። ኡልሰን ዛሬ በኖርዌይ እጅግ ከበዙት የቤተሰብ ስሞች አንዱ ነው፤ ከሚጠሩበት መካከል ኡሌ የሚባል አባት ያላቸው ግን ጥቂቶች ናቸው።

አይስላንድ በተቃራኒው መንገድ ሄደች። በ1925 የወጣው ሕግ አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝን ከለከለ። ከ1996 እስከ 2016 አገሪቱን በፕሬዚዳንትነት የመሩት ኦላፉር ራግናር ግሪምሶን የግሪሙር ልጅ ናቸው፤ የአገራቸው ሰው የሚጠራቸውም በራሳቸው ስም እንጂ በአባታቸው አይደለም። የስልክ ማውጫውም የተደረደረው በራስ ስም ነበር። ኢትዮጵያዊ ወደ ሬይካቪክ ቢሄድ በመዝገብ ፊት ራሱን ለማስረዳት ብዙ አይቸገርም።

ወደ ኦስሎ ወይም ወደ ስቶክሆልም የሄደው ኢትዮጵያዊ ግን ሌላ ዕጣ ገጥሞታል። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እርሱም የአባቱን ወይም የአያቱን ስም ይሞላል። በዚያ የሚወለደው ልጁ የራሱን አባት ስም ሳይሆን በቅጹ ላይ የሰፈረውን የአያት ስም ይወርሳል፤ የልጅ ልጁም እንዲሁ። በኡሌ ላይ ከመቶ ዓመት በፊት የደረሰው በከበደና በተሰማ ላይ ዛሬ እየደረሰ ነው። ስሙ በየትውልዱ መንቀሳቀሱን ትቶ በአንድ ሰው ላይ ይቆማል።

ይህ ጥፋት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ማካውሊፍ የሚባለው አየርላንዳዊ ከሺህ ዓመት በፊት ባሕር ተሻግሮ የመጣውን አምላይብን ሳያውቀው ተሸክሞታል፤ የአፍንጫውን ድምፅ ያቆዩትም የስሙ ባለቤቶች ሳይሆኑ ባዕዳን ጸሐፍት ናቸው። በስካንዲኔቪያ መዝገቦች ላይ ዛሬ የሚጻፉት የኢትዮጵያ ስሞችም ፊደላቸው እየተለወጠ፣ የሚጠብቀው እየላላ፣ ፈንጂ ድምፃቸው እየጠፋ መሄዱ አይቀርም። ወደ ፊት የሚመጣ የልሳን ተመራማሪ ግን ከእነዚያ መዝገቦች የዛሬውን አማርኛ አነጋገር አንድ ነገር ሊሰማ ይችል ይሆናል። ኦላቭ የሚለው ቃል ከመጀመሪያው የሚናገረውም ይህንኑ ነው፤ የቀደሙት ሲያልፉ የሚቀር ነገር አለ።