የአሮጌ መኪና ኤሲ ኮምፕሬሰር ማሻሻል

የአሮጌ መኪና ኤሲ ኮምፕሬሰር ማሻሻል በቀድሞ መኪኖች ላይ ያለውን ከባድ ኮምፕሬሰር አውጥቶ በቀላል ዓይነት የመተካት ሥራ ነው። ኮምፕሬሰሩ በቺንጋ ከሞተሩ ኃይል ወስዶ የማቀዝቀዣውን ጋዝ ይጨምቃል። በቀድሞ መኪኖች የተለመደው ዮርክ ሁለት ፒስተን ያለው፣ ከባድና ንዝረት የሚበዛበት ነው። ምትኩ ብዙ ጊዜ እንደ ሳንደን ያለ አምስት ወይም ሰባት ፒስተን ያለው ቀለል ያለ ኮምፕሬሰር ነው።

ጋዝና ዘይት

አሮጌዎቹ መኪኖች የሚጠቀሙበት አር-12 የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ምርቱ በሂደት ቆሟል። የተካው አር-134ኤ ከአር-12 የማዕድን ዘይት ጋር አይዋሃድም፤ ዘይቱ ካልተቀየረ አዲሱ ኮምፕሬሰር ቅባት አጥቶ ይበላሻል። ማድረቂያውና የጎማ ቱቦዎቹም አብረው ይቀየራሉ።

በጎጃም ደጋ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። በከተማው ቅዝቃዜ ኤሲ እምብዛም አያስፈልግም። የሚፈለገው ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ፣ በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል ባለው የዓባይ በረሃ ነው። እዚያ ሙቀትና ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ዳገት አብረው ስለሚመጡ፣ ለትንሽ ሞተር ትልቅ ኮምፕሬሰር መግጠም ሞተሩን ያግለዋል።