«ኖም ደ ፕሉም» ምን ማለት ነው? የብዕር ስም ትርጉምና አጠቃቀም

ተማሪዎቼ ስለ ስደታቸው እንዲጽፉ ስጋብዛቸው ብዙዎቹ «ቲቸር፣ በሌላ ስም ብጽፈው ይሻላል?» ይሉኛል። ለነሱም ለሌላውም አንባቢ እንዲጠቅም እዚህ ላብራራው።

«ኖም ደ ፕሉም» ከፈረንሳይኛ ቃላት የተሠራ ነው። «ኖም» ስም፣ «ፕሉም» ላባ ማለት ነው። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ብዕር የሚቀረጸው ከወፍ ላባ ስለነበር ቃሉ ብዕርም ማለት ሆነ። በአማርኛ የብዕር ስም የምንለው ይኸው ነው። የሚገርመው፣ ሐረጉን ያወጡት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ፈረንሳዮች ከዚያ በፊት የነበራቸው «ኖም ደ ጌር»፣ ማለትም የጦር ስም ነው፤ ወታደር ሠራዊቱን ሲቀላቀል የሚወጣለት ስም።

የኛ የፈረስ ስም ለዚህኛው ይቀርባል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። የፈረስ ስም ግን ባለቤቱን ያስጠራል እንጂ አይደብቅም።

የብዕር ስም ብዙ ጊዜ መከለያ ነው። እንግሊዛዊው ኤሪክ ብሌር በፓሪስና በለንደን ያየውን የድህነት ኑሮ እ.ኤ.አ. በ1933 ሲያሳትም፣ ቤተሰቡ እንዳያፍር ብሎ ጆርጅ ኦርዌል በሚል ስም አወጣው። ፈረንሳዊቷ ኦሮር ዱፔን ደግሞ ከ1832 ጀምሮ ጆርጅ ሳንድ በሚል የወንድ ስም ጽፋለች።

እኛ ጋ ጉዳዩ ከእፍረት ይከብዳል፤ አገር ቤት የቀሩ ወላጆችና ወንድሞች አሉን። ስለዚህ ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ የራሳችሁን ስም ብቻ ቀይራችሁ የአባትና የአያት ስም አትተዉ። እኛ በአባት ስም ስለምንጠራ ወዲያው ትታወቃላችሁ።

ሁለተኛ፣ ስም ብቻውን አይከልልም። የመጣችሁበትን ቀበሌ፣ የምትኖሩበትን ብሎክ፣ የተሰደዳችሁበትን ቀን ከዘረዘራችሁ ጎረቤት የሆነ ሰው ማን እንደጻፈው ያውቃል። ፎቶም እንደዚያው ነው።

ሦስተኛ፣ የብዕር ስም ለጽሑፍ ብቻ ነው። ለስደተኛ ምዝገባ፣ ለራሽን ካርድ፣ ለፈተና ትክክለኛ ስማችሁን፣ ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ስጡ። የትምህርት ማስረጃና የምዝገባ ወረቀት ላይ ያለው ስም ካልተመሳሰለ፣ ሁለቱም የኔ ናቸው ብሎ ማስረዳት ራሱን የቻለ አበሳ ነው።