እንግሊዛዊው ሙሐመድና የአንዋሩ ኢማም

ዓርብ ረፋዱ ላይ መርካቶ ውስጥ ወደ አንዋር መስጊድ የሚያስገባው መንገድ መልኩን ይለውጣል። ነጋዴው ከሸማ ተራም ከቆርቆሮ ተራም ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። መስጊዱ ሲሞላ ሶፉ ወደ አስፋልቱ ይወጣል፤ መስገጃ ያልያዘም ካርቶን አንጥፎ ይሰለፋል። እዚያው አጠገብ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። በዚህ ሰፈር አዛንና ቅዳሴ አንድ አየር ይጋራሉ።

በዙሪያው ባሉት መደብሮች ኮፍያ፣ ሙስበሃ፣ ሽቶና ኪታብ ይሸጣል። ከኪታቦቹ መካከል በግእዝ ፊደል የታተመው የአማርኛ ቁርአን አለ። ዓረብኛ ያልተማረው ለራሱ ያነበዋል፤ ልጅ ለእናቱ ያነብላታል፤ ዛሬ በስልክም «ሷዲቅና ሳኒ» በሚል የተርጓሚዎቹ ስም ይገኛል። ስሞቹ የሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና የሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ናቸው። ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ የዚሁ የአንዋር መስጊድ ኢማም ነበሩ።

የሥራቸውን ክብደት ለመረዳት ሌላ ተርጓሚ አጠገባቸው ማስቀመጥ ይጠቅማል። ከእነሱ 39 ዓመት ቀደም ብሎ አንድ የሰለመ እንግሊዛዊ ያንኑ መጽሐፍ ወደ እናቱ ቋንቋ መልሶት ነበር፤ ማርማዱክ ፒክታል ይባላል። ለንደንና መርካቶ በብዙ ነገር አይገናኙም። ነገር ግን ሁለቱም ዘንድ የቁርአን ትርጉም የተሠራው አንድ ከባድ ጥያቄ በአየር ላይ እያለ ነው፤ ሙስሊም የሆነ ሰው የዚህ አገር ሰው ነው ወይ?

የቄሱ ልጅ

ፒክታል በ1867 ዓ.ም. (1875 እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው የአንግሊካን ቄስ ነበሩ፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳሉ ሞቱ። ዊንስተን ቸርችል በተማሩበት በሃሮው ትምህርት ቤት ገቡ። በቆንስላ ሥራ ወደ ምሥራቅ ለመሄድ ቢያስቡም ፈተናው አልቀናቸውም። ስለዚህ በ18 ዓመታቸው ገደማ በራሳቸው መንገድ ወደ ግብፅ፣ ወደ ፍልስጤምና ወደ ሶርያ ወረዱ። ዓረብኛን የተማሩት ከመንገድ መሪዎች፣ ከገበሬዎችና ከሸይኾች ጋር እየዋሉ እያደሩ ነው።

ደማስቆ ላይ የገጠማቸውን ነገር ኋላ ራሳቸው ጽፈውታል። ወጣቱ ፒክታል ለመስለም በጓጉ ጊዜ የታላቁ የኡመያ መስጊድ ሸይኽ አላጣደፏቸውም። ዕድሜህ ይብሰል፣ አገር ቤት ያለችውን እናትህንም አስብ የሚል ምክር ሰጧቸው። ተማሪ ለማብዛት የማይቸኩል መምህር ብርቅ ነው። የዚያ ምክር ፍሬ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ታየ።

በእነዚያ ዓመታት ፒክታል ልብ ወለድ ደራሲ ሆኑ፤ በ1903 እ.ኤ.አ. የታተመው የዓሣ አጥማጁ የሰዒድ ታሪክ ስም አወጣላቸው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ግን እንግሊዝ ከቱርክ ጋር ተዋጋች። ፒክታል ለኦቶማን መንግሥት በአደባባይ ጥብቅና ቆሙ። በዚህም ታማኝነታቸው ተጠረጠረ። በኅዳር 20 ቀን 1910 ዓ.ም. (ኖቬምበር 29 ቀን 1917 እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ስለ እስልምናና ስለ እድገት ንግግር አድርገው ሲጨርሱ መስለማቸውን በይፋ ተናገሩ። ሙሐመድ የሚለውን ስም ጨመሩ፤ ማርማዱክ የሚለውንም አልጣሉም።

በዚያን ሰሞን አዲስ አበባ ራሷ ከዚሁ ጥያቄ ጋር ስትታገል ነበር። ዓመት ከሁለት ወር ገደማ አስቀድሞ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደዋል፤ ከቀረበባቸው ክስ ዋናው ወደ እስልምና አዘንብለዋል የሚል ነበር። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው መሐመድ አሊ ተብለው የኖሩ የወሎ ኢማም ነበሩ። ለንደን ላይ አንድ ደራሲ ለሙስሊም መንግሥት ጥብቅና በመቆሙ በጥርጣሬ ታየ፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የሃይማኖት ጥርጣሬ መንግሥት ሊያናጋ በቃ።

«ቁርአን» ያልተባለው ትርጉም

ፒክታል በ1920 እ.ኤ.አ. ወደ ቦምቤይ ተሻግረው የጋዜጣ አዘጋጅ ሆኑ፤ የኺላፋን ንቅናቄና የጋንዲን ትግል ደገፉ። በ1925 እ.ኤ.አ. ወደ ሃይደራባድ ሄደው የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ቀጥሎም የአንድ እስላማዊ የምርምር መጽሔት አዘጋጅ ሆነው ሠሩ። የሃይደራባዱ ገዥ ኒዛም ትርጉሙን እንዲጨርሱ የሁለት ዓመት ፈቃድ ከሙሉ ደሞዝ ጋር ሰጧቸው። ምሁር በሥራው ላይ እንዲቀመጥ እንጀራውን የሚያስብለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ወሎ ውስጥ ደረሳን የሚቀልቡት ገበሬዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

በ1929 እ.ኤ.አ. ረቂቁን ይዘው ካይሮ ገቡ። እዚያ የጠበቃቸው ጥያቄ ከቃላት ፍቺ የከበደ ነበር፤ ቁርአን መተርጎም ይገባዋል ወይ? ብዙ የከተማዋ የአዝሃር ዩኒቨርሲቲ ዑለማዎች ተቃወሙ። ፍራቻቸው ከንቱ አልነበረም። ዓረብኛው ራሱ ቃለ አላህ ነው፤ ሌላ ቋንቋ ቦታውን ከያዘ ምእመኑ ከምንጩ ይርቃል። ሸይኽ ሙስጠፋ አል-መራጊን የመሰሉ ግን በሥራው ጠቃሚነት አምነዋል። መውጫው የተገኘው ከስያሜው ነው። መጽሐፉ «ቁርአን» ሳይባል «የቁርአን ትርጉመ ሐሳብ» ቢባል የሚከፋ አይኖርም ተባለ። ፒክታልም በደስታ ተቀበሉት፤ ቁርአን በሌላ ቋንቋ ሊተካ እንደማይችል ራሳቸው ያምኑ ነበርና።

መጽሐፉ በ1930 እ.ኤ.አ. ታተመ። በመግቢያው ላይ ፒክታል ሙስሊም በሆነ እንግሊዛዊ የተሠራ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ትርጉም መሆኑን ገለጹ። ይህን ያሉት ለጉራ አይመስለኝም። እንግሊዛዊነትንና ሙስሊምነትን ባንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ለታሙት ለእሳቸው ምስክርነት ነበር።

ግንቦት 11 ቀን 1928 ዓ.ም. (ሜይ 19 ቀን 1936 እ.ኤ.አ.) አገራቸው ውስጥ አረፉ፤ ለንደን አካባቢ በብሩክውድ መቃብር ተቀበሩ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 27፣ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገብቷል። ወራሪው ቆይቶ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ መርካቶ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው።

በአማርኛ ዱዓ ያደረጉ

የመርካቶዎቹ ተርጓሚዎች ሥራቸውን ከባዶ አልጀመሩም። እስልምና ወደዚህ አገር የመጣው በ615 እ.ኤ.አ. የነቢዩ ባልደረቦች ከመካ ሸሽተው ወደ ነጃሺ ሲሰደዱ ነው። በአማርኛ ሃይማኖትን ማሰብና ማዜምም በወሎ ከጥንት የቆየ ነው። የወሎ ሸይኾች ኪታቡን በዓረብኛ አንብበው በአማርኛ ያብራሩ ነበር። መንዙማቸውን በአማርኛ ገጥመው በዓረብኛ ፊደል ጻፉት፤ ይህ አጻጻፍ ዐጀም ይባላል። ጫት ተይዞ፣ እጣን ጨሶ፣ ድቤ እየተመታ በሃድራው የሚዜመው ቃል የእናት ቋንቋ ነው።

ይህ ቅርስ የተፈተነው በ1870 ዓ.ም. ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎን ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሱ አዘዙ። መኳንንቱ ተጠመቁ፤ መሐመድ አሊ ሚካኤል የሆኑት ያኔ ነው። ሸይኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ግን እምቢ ብለው ታገሉ፤ ግጥማቸውንም በአማርኛ ዐጀም ጻፉ። አማርኛ የአሳዳጃቸው የቤተ መንግሥት ቋንቋ ነው ብለው አልተዉትም፤ የራሳቸውም ቋንቋ ነበርና።

እንግዲህ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ አማርኛ በሙስሊሙ አፍ ላይ ነበር፤ በዐጀምም ተጽፏል። የቀረው ሙሉውን ቁርአን በግእዝ ፊደል፣ ተማሪው ሁሉ በሚያነበው ጽሑፍ ማውጣት ነበር።

አንቀጽ 125 እና 126

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 125 አማርኛን የመንግሥቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ አደረገ፤ በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ብሎ ደነገገ። ሁለቱ አንቀጾች ጎን ለጎን ሲነበቡ ቋንቋውና ቤተ ክርስቲያኑ የማይነጣጠሉ ይመስላሉ። በ1954 ዓ.ም. አዲሱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። ሙስሊሙ በሕዝብ ንግግርም በመንግሥት ወረቀትም «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባል ነበር፤ እንደ እንግዳ፣ እንደ ተከራይ።

መጽሐፍ ቅዱሱ በወጣ በሰባተኛው ዓመት፣ በ1961 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድና ድጋፍ የአማርኛው ቅዱስ ቁርአን ታተመ። ዘውዱ ለምን ፈቀደ የሚለው ብዙ ያነጋግራል። አገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው የሚለው የዘመኑ አባባል አንዱ መልስ ነው፤ ከዓረቡ ዓለም ጋር የነበረው ፖለቲካም ከጀርባው አለ። ተርጓሚዎቹ ግን በሩ የተከፈተበትን ምክንያት እየመረመሩ ጊዜ አላባከኑም፤ ገቡበት።

የቃል ምርጫቸው ልብ ብሎ ላስተዋለው ብዙ ይናገራል። ፒክታል «አላህ» የሚለውን ቃል እንዳለ ተዉት፤ እንግሊዝኛ ልኩን የሚያህል ቃል የለውም ብለው። የነቢያቱን ስም ግን እንግሊዛዊ ከልጅነቱ በሚያውቀው በመጽሐፍ ቅዱሱ አጠራር ጻፉ፤ ቋንቋቸውንም ያንኑ የቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ እንግሊዝኛ አስመሰሉት። የቄሱ ልጅ ለወገኑ የሚያውቀውን ደጅ ከፈተለት።

የመርካቶዎቹም አላህን አላህ አሉ። ነቢያቱን ግን አብርሃም፣ ሙሴ፣ ኢየሱስ አላሉም፤ ኢብራሂም፣ ሙሳ፣ ዒሳ ብለው በሙስሊሙ ቤት እንደሚጠሩት አስቀሩ። ሶላትንም ወደ ጸሎት አልለወጡም። እነዚህ ቃላት አማርኛ ተናጋሪው ሙስሊም ለዘመናት የተናገራቸው በመሆናቸው አማርኛ ናቸው። ዓረብኛው ጠቅልሎ ያለፈውን ማብራራት ሲያስፈልግ በቅንፍ ጨመሩ፤ አንባቢ የአላህን ቃልና የሰውን ማብራሪያ እንዲለይ። አዝሃር የፈራው መደባለቅ እዚህ በቅንፍ ተጠበቀ።

በዚህ መንገድ ተርጓሚዎቹ ስለ ቋንቋው አንድ ትልቅ ነገር አስመሰከሩ። አማርኛ የአንድ ሃይማኖት ብቻ ንብረት አይደለም። ለተውሒድም፣ ለአኺራም፣ ለውርስ ሕግም፣ ለዱዓም ቃል አለው፤ ከሌለውም ይቀበላል።

ከመጽሐፉ ወደ አደባባዩ

መጽሐፉ በወጣ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ 100,000 ያህል ሰው በአዲስ አበባ አደባባዮች ተሰለፈ። ሙስሊሞች እኩልነትን ጠየቁ፤ ክርስቲያን ወንድሞቻቸውም አብረዋቸው ወጡ። በዓላታችን ይከበሩ፣ ድርጅት ይኑረን ብለው ጠየቁ፤ ከሁሉ በላይ ግን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» አትበሉን፣ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ነን አሉ። ፒክታል በመጽሐፋቸው መግቢያ ላይ ለብቻቸው ያሉትን አዲስ አበባ በሕዝብ ድምፅ አለችው።

በ1967 ዓ.ም. ዒድ አል-ፈጥር፣ ዒድ አል-አድሓና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። ቀጥሎ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ሲቋቋም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር የአንዋሩ ኢማም ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ነበሩ። መጽሐፉን የተረጎመው እጅ ተቋሙን ለመምራትም ተመረጠ። ሕዝቡ የሚያምነው በቋንቋው ያናገረውን ነው።

መጽሐፍ ብቻውን አደባባይ ያወጣል አልልም። የዚያን ዘመን ሰልፍ ያመጣው የብዙ ዓመት በደልና የአብዮቱ ማዕበል ነው። ሆኖም በራሱ ቋንቋ የተጻፈ ቅዱስ መጽሐፍ በቤቱ ያለው ሰው እንግዳ ነህ ሲባል የሚያሳየው ማስረጃ አለው።

የፒክታል ሕይወት በአገራቸው ተጠንቶ መጽሐፍ ተጽፎለታል። በእንግሊዝ ከእሳቸው በኋላ የሰለሙ ሊቃውንት አልተቋረጡም፤ የነቢዩን ታሪክ የጻፉት ማርቲን ሊንግስ፣ ዛሬ ካምብሪጅ ላይ የሚያስተምሩት ዐብዱልሐኪም ሙራድ የዚያው መስመር ልጆች ናቸው። የእኛም ሊቃውንት እንዲሁ ይገባቸዋል። ከሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ኹጥባ ያዳመጡ፣ ተፍሲር የቀሩ ሽማግሌዎች ዛሬም በዚህች ከተማ አሉ። አንድ ቃል እንዴት እንደተመረጠ፣ የትኛው አንቀጽ እንዳከራከረ፣ ረቂቁ በማን እጅ እንደተላለፈ የሰሙ ካሉ ሳይዘገይ ሊቀረጹ ይገባል። የወሎ ዐጀም ጥራዞችም በጭስ ቤት ሳይበላሹ መሰብሰብ አለባቸው። ይህ የሙስሊሙ ብቻ ሥራ አይደለም፤ የአማርኛ ታሪክ ግማሽ ገጹ እዚያ ነውና አማርኛን የሚወድ ሁሉ ሊያግዝ ይገባል።

ዓርብ ሶላቱ አልቆ ሰዉ ሲበተን ኪታብ ሻጮቹ እንደገና ጨርቃቸውን ይገልጣሉ። ከአንዋር ደጅ የአማርኛውን ቁርአን የሚገዛ ሰው የመጀመሪያዎቹን ገጾች አይዝለላቸው። ሁለቱን ስሞች ድምፅ አውጥቶ ያንብብ፤ ዱዓም ያድርግላቸው።