የአየር ብክለትና የመርሳት በሽታ

የአየር ብክለት ለሳንባና ለልብ ሕመም እንደሚያጋልጥ ከታወቀ ረጅም ጊዜ ሆኖታል። ከመርሳት በሽታ ጋር ያለው ግንኙነት የተመራማሪዎችን ሰፊ ትኩረት ያገኘው ግን ዘግይቶ ነው።

በዚህ ረገድ በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት የተካሄደው ጥናት ተጠቃሽ ነው። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ይኸው ጥናት 6 ነጥብ 6 ሚሊዮን ያህል ነዋሪዎችን ከ2001 እስከ 2012 ተከታትሏል። ከዋና መንገድ በ50 ሜትር ርቀት ውስጥ የሚኖሩት፣ ከ300 ሜትር በላይ ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ7 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ርቀቱ ከ50 እስከ 100 ሜትር ሲሆን ልዩነቱ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል። ለፓርኪንሰን በሽታ ተመሳሳይ ግንኙነት አልታየም።

ጥናቱ ግንኙነትን እንጂ መንስኤነትን አያረጋግጥም። 7 በመቶም ለአንድ ግለሰብ አነስተኛ ነው፤ ብዙ ሕዝብ በመንገድ ዳር በሚኖርበት ከተማ ግን የሕሙማኑን ቁጥር በእጅጉ ሊጨምር ይችላል።

ከተሽከርካሪ ጭስ የሚወጡ ደቃቅ ብናኞች በሳንባ በኩል ወደ ደም በመግባት የደም ሥሮችን እንደሚጎዱ ይታወቃል። የላንሴት ኮሚሽን የአየር ብክለትን ሊቀነሱ ከሚችሉ የመርሳት በሽታ አጋላጭ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ የመዘገበው በ2020 ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 የደቃቅ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ እንዲል መክሯል።

ሲጋራ ማቆም በግለሰቡ ፈቃድ የሚፈጸም ነው። መኖሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ከአውራ ጎዳና ምን ያህል እንደሚርቁ የሚወሰነው ግን በአብዛኛው በከተማ ፕላን ነው። የኦንታሪዮው ጥናት በቤት ውስጥ የሚነደውን እንጨትና ከሰል አልዳሰሰም፤ አብዛኛው የኢትዮጵያ ቤተሰብ ምግቡን የሚያበስልበት ይኸው ማገዶም ደቃቅ ብናኝ ያመነጫል።