ሳንባው ለውሻ፣ ኮሶውስ ለማን?

ውሻ ያላቸው ጓደኞቻችን ሁሉ አንድ የጋራ እሮሮ አላቸው። ሩዝ በሥጋ ተቀቅሎለት፣ በሻምፑ ታጥቦ፣ በፈረንጅ ስም የሚጠራ ውሻ ቅዳሜ ከአዳማ ሶደሬ ይዘውት ሲወርዱ ፍል ውኃውንም ጦጣዎቹንም ትቶ ቀጥታ ወደ እበቱ ይሮጣል። ይባስ ብሎም ከቁጥቋጦው ኋላ ሰው ወደ ተጸዳዳበት። ባለቤቱ ያፍራል፣ ውሻው ይደሰታል። "ምን አጎደልኩበት?" ይላሉ። እኛ ደግሞ ምንም አላጎደላችሁበትም እንላለን። ውሻው የቆየ ሥራውን እየሠራ ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ውሻ ከተኩላ ዘር ተለይቶ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ቢያንስ 15,000 ዓመት ሆኖታል። ሬይመንድ ኮፒንገር የተባሉ አሜሪካዊ ባዮሎጂስት፣ ሰው ተኩላን ይዞ አላላመደውም፣ ተኩላው ራሱ ነው ወደ ሰው ሰፈር ትርፍራፊ የመጣው ብለው ተከራክረዋል። ከሰው የማይሸሸው እየጠገበና እየተዋለደ ውሻ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ሐሳብ ሁሉም ሊቃውንት አይስማሙም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የስዊድን ተመራማሪዎች ስታርች የሚፈጨው ዘረ መል ከተኩላ ይልቅ በውሻ ውስጥ እጅግ ተባዝቶ እንደሚገኝ አሳይተዋል። የእንጀራ ፍርፋሪ የውሻን ሆድ የማያስቸግረው ወዶ አይደለም፣ ከእኛ ጋር ሲኖር የተለወጠ ሆድ ስላለው ነው።

ዓይነ ምድሩስ? በዚምባብዌ ገጠር የሚዞሩ ውሾች የሚበሉትን ያጠኑ ሰዎች፣ የሰው ዓይነ ምድር ከዋና ዋና ምግቦቻቸው አንዱ ሆኖ አግኝተውታል። መጸዳጃ ቤት በሌለበት አገር ውሻ የሰፈሩ የጽዳት ሠራተኛ ነው፣ ያውም ያለ ደመወዝ። የውሻን ኩስ ስለሚበሉ ውሾች ደግሞ የካሊፎርኒያው ቤንጃሚን ሃርትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ጥናት አሳትመዋል። ከመቶ ውሾች 16ቱ ደጋግመው እንደሚበሉ፣ የሚመርጡትም ሁለት ቀን ያልሞላውን እንደሆነ አረጋግጠዋል። ግምታቸው ደስ ይላል። የትል እንቁላል በሽታ ለማስተላለፍ ቀናት ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ጥንት ተኩላዎች ማደሪያቸውን በትኩስነቱ ያጸዱ ነበር ይላሉ። ሣር መብላትም ቢሆን ብዙ ጊዜ የበሽታ ምልክት አይደለም። ድንጋይ፣ አፈር ወይም ጨርቅ አዘውትሮ የሚውጥ ውሻ ግን የደም ማነስ ወይም የሆድ ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንመለስ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በዚሁ መስመር ላይ አዳማ ጣቢያ ሆነች፣ ከጣቢያው ዙሪያም ከተማ በቀለ። እ.ኤ.አ. በ1954 የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በወንጂ ስኳር ማምረት ጀመረ። ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ሶደሬም በንጉሡ ዘመን መዝናኛ ሆነ። ሠራተኛ ሲመጣ ሉካንዳ ቤት ይከፈታል፣ ሉካንዳ ቤት ሲከፈት ውሻ ይመጣል። "ውሻ በበላበት ይጮኻል" የሚለው ተረት እውነቱን ነው። የጽዳት መኪና ሳይገዛ በፊት የሥጋ ቤቱን ጓሮ የሚያጸዱት ቀን ውሻ፣ ሌሊት ጅብ ነበሩ።

እንግዳ አመጋገብ ከተነሳ አይቀር ስለ ራሳችንም እናውራ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 አገራችን ገብቶ ያየውን በ1790 ሲያሳትም፣ ስለ ጥሬ ሥጋ አበላላችን የጻፈውን ብዙ የለንደን ሰው "ውሸታም" ብሎ ሳቀበት። እኛ ግን እናውቃለን፣ ቁርጥ ቁርጥ ነው። አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ መዘዝ እንዳለውም ያውቁ ነበር። ስለዚህ ከኮሶ ዛፍ አበባ የተዘጋጀውን መራራ መድኃኒት በየጊዜው ይጠጡ ነበር። ምግቡን አልተዉም፣ መድኃኒቱንም አልዘነጉም።

ውሻው ላይ ስንደርስ ግን ግማሹን ረሳነው። በዓል ሲደርስ ቅርጫ እንገባለን፣ በሬው ይታረዳል፣ ሥጋው ይመደባል፣ ሳንባው ደግሞ ለውሻ ይወረወራል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በሳንባና በጉበት ውስጥ አንዳንዴ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። ከረጢቱ ኢኪኖኮከስ የሚባል የትል ዘር ነው፣ የእኛ ኮሶ ትል ዘመድ። ውሻው ጥሬውን ሲበላው ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ትሎች አንጀቱ ውስጥ ያድጋሉ። ውሻውን ብዙም አያሳምሙትም። እንቁላሉ ግን ከኩሱ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል። ሣሩን በሬ ይግጠዋል፣ ውሻውን ዳብሶ እጁን ያልታጠበ ልጅም ይውጠዋል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ከረጢቱ ለዓመታት በዝምታ ያድጋል፣ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በአዳማ ማዘጋጃ ቤት ቄራ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ከብቶች ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ ይህንኑ ከረጢት አግኝቷል። ወደ ግማሽ! እነዚያ ከብቶች በሽታውን ያገኙት ከውሻ ነው፣ ውሻው ደግሞ ከእኛ እጅ።

እኛ ለውሻ የሰጠነው መልስ ለረጅም ጊዜ ሌላ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ሲፈራ በከተሞቻችን ስትሪክኒን የተቀባ ሥጋ መንገድ ላይ ይጣል ነበር። የሚሠራውም ውሻ ያገኘውን ስለሚበላ ነው። አሥራ አምስት ሺህ ዓመት ያጸዳልንን አፍ መግደያ አደረግነው ማለት ነው። ውጤቱስ? ቆሻሻው እስካለ ድረስ በሞቱት ፈንታ ሌሎች ይመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ግድያን ሳይሆን ቢያንስ ከመቶ 70 ውሾችን መከተብን ነው።

ስለዚህ ጓደኞቻችን፣ ሶደሬ ላይ ውሻችሁን በጥፊ አትምቱት፣ አይገባውም። ማሰሪያውን ያዙ፣ ሌላ የሚወደውን ነገር አሳይታችሁ ጥሩት፣ ኩሱንም ራሳችሁ አንሱ። ለቅርጫው ቀን ደግሞ ሁለት ነገር አትርሱ። ከረጢት የታየበት ሳንባና ጉበት ይቃጠል ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበር፣ ሌላውም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ሳይፈላ ለውሻ አይሰጥ። ሐኪም ጋ ስትሄዱም ስለ ክትባት ብቻ ሳይሆን ስለ ፕራዚኳንቴል ጠይቁ።

አባቶቻችን ቁርጥ በልተው ኮሶ ጠጡ። ውሻው ግን ሄዶ ኮሶ ሊገዛ አይችልም፣ የሚገዛለት ሳንባውን የወረወረለት ሰው ነው።