ከምጣዱ ጀርባ ያለችው ሽቦ

ቀን በስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ሊግል ሲል ድንገት ቀጥ ይላል። «ኤጭ! መብራት ሄደ» ትላለች ጋጋሪዋ። እስቲ ልብ በሉልኝ፤ በጠራራ ፀሐይ የሄደው የምን መብራት ነው? የሄደው ኃይሉ ነው። እኛ ግን ፍሪጁም ይጥፋ፣ ካውያውም ይቀዝቅዝ፣ ወፍጮውም ይቁም፣ ሁሉንም «መብራት ሄደ» ብለን እንገላገለዋለን።

የአፍ ልማድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን በዚህች ቃል ውስጥ አንድ ታሪክ ተቀብሮ አያለሁ። ታሪኩም ዛሬ ማዕድ ቤታችን ድረስ ገብቶ ሰው ይጎዳል።

ኤሌክትሪክ በ1890 ዓ.ም ገደማ ወደ አገራችን ሲገባ የገባው ቤተ መንግሥት ሊያበራ ነው። በዚያው ዘመን አዲሲቱ ከተማ ሌላ ጭንቅ ነበረባት። በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ ከማለቁ የተነሳ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መነሳት ደርሶ ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። እንግዲህ ዐፄ ምኒልክ ሁለት እንግዳ ተቀበሉ ማለት ነው፤ ኤሌክትሪክ ለብርሃን፣ ባሕር ዛፍ ለምጣድ። አንዱ በአዳራሽ፣ ሌላው በጓሮ በር ገባ። ለረጅም ጊዜም አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይነካ ኖሩ።

የመሥሪያ ቤቱን ስም እንኳ ተመልከቱ። በ1948 ዓ.ም ሲቋቋም «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን» ነበር የተባለው። መብራት ቀደመ፣ ኃይል ተከተለ። ቆይቶ «መብራት» የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ፤ በ2006 ዓ.ም ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ሕዝቡ ግን ዛሬም «መብራት ኃይል» ይለዋል።

ብዙዎቹ የድሮ ቤቶቻችንም ሽቦ የተዘረጋላቸው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ለየክፍሉ አንድ አምፖል፣ ቢበዛ ለሬዲዮ የሚሆን አንድ ሶኬት። ከዚያ ማገዶ እየተወደደ፣ ጭሱም ዓይን እያጠፋ ሲሄድ ምጣዱ ባሕር ዛፉን ትቶ ወደ ኤሌክትሪክ ተጠጋ። እሰየው የሚያሰኝ ነገር ነው። ግን አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። ባለ 60 ዋት አምፖል ብትቆጥሩ 58 አምፖል ባንዴ ማብራት ማለት ነው።

የአገሩን ታሪክም በምጣድ መለካት ይቻላል። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ አቅሙ 6 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። ሌላውን ሥራ ሁሉ ቢተው እንኳ ከ1,700 ምጣድ ብዙም አያልፍም። በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም የተመረቀው ቆቃ 43 ሜጋ ዋት ነው፤ ይኸ 12,000 ምጣድ ይሆናል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት፤ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ምጣድ! ከግድቡ እስከ ቆጣሪው ያለውን ሽቦ ባለሙያ አስልቶ ይዘረጋዋል። ከግድግዳው እስከ ምጣዱ ያለችውን ሁለት ሜትር ግን ማን አሰላት?

ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ግቡና «የምጣድ ሽቦ ስጠኝ» በሉ። «ስንት ሜትር?» ነው የሚሏችሁ። «ስንት ዋት ነው?» የሚል ሻጭ ብርቅ ነው። ገዢውም ዋጋውን አይቶ ቀጠን ያለውን ያነሳል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። 3,500 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ይመጣል። ለጠረጴዛ መብራትና ለሬዲዮ የሚሸጠው ባለ 0.75 ሽቦ የሚችለው 6 አምፔር ያህል ነው። ለምጣድ የሚሆነው ከ2.5 ያላነሰ፣ ውስጡ ብዙ ቀጫጭን መዳብ ያለው ተጣጣፊ ገመድ ነው፤ ምጣዱ ከ4,000 ዋት በላይ ከሆነ ባለ 4። በሸክላው ሥር የተጠመጠመው ሽቦ የሚግለው ኤሌክትሪክ በጭንቅ እንዲያልፍበት ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ቀጭን ገመድም ያንኑ ነው የሚያደርገው። በ0.75 ሽቦ እየጋገራችሁ ከሆነ ግድግዳው ሥር ሁለተኛ ምጣድ ጥዳችኋል ማለት ነው። የገመዱ ተራ ፕላስቲክ ልባስ ደግሞ 70 ዲግሪ ያህል ቢችል ነው፤ ምጣዱ ከ200 ያልፋል። ስለዚህ ወደ ምጣዱ የሚገባው ጫፍ ሙቀት የሚችል ልባስ ይፈልጋል፤ ገመዱም ሸክላውን መንካት የለበትም።

ገመዱን ማወፈር ብቻውን ግን አይበቃም። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ቀጭን ከሆነ እሳቱን ከዓይናችን ወደማይታይ ቦታ አዛወርነው እንጂ አላጠፋነውም። ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ የራሱ መስመር ይሳብለት፤ ባለ 2.5 ከሆነ ባለ 20 ብሬከር ይበቃዋል። በድሮው ጊዜ ቫልቮላ (ስሙ ከጣሊያን የቀረ ነው) ሲቃጠል የመዳብ ክር ጠምዝዞ መተካት እንደ ብልሃት ይቆጠር ነበር። ዘበኛውን አስክሮ ማስተኛት በሉት። ዛሬም ብሬከሩ ሲወርድ በትልቅ የሚተካ ሰው ያው ነው።

ሌላው የሦስተኛዋ ሽቦ ነገር ነው። አረንጓዴና ቢጫ የሆነችውን የመሬት ሽቦ ስንቶቻችን ቆርጠን ጥለናታል! እሷ የምጣዱ ብረት አካል ላይ ካልታሰረች፣ አንድ ቀን ሊጥ ፈሶ ወይም ልባስ ቀልጦ ብረቱ ኤሌክትሪክ ሲይዝ መንገዱን የሚያገኘው በሰው ገላ ነው። አስተላላፊዋን ሽቦ ባለሙያዎቹ «ፌዝ» ይሏታል፤ ከእሷ ጋር ግን ፌዝ የለም። ስለዚህ ብሬከሩን ሳያወርዱ መነካካት፣ ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል፣ ቲቪና ፍሪጅ በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ምጣድ መሰካት፣ እነዚህ ሁሉ ይቅሩ። በጋገራ መሐል ገመዱን ዳስሱት። ትኩስ ከሆነ «የምጣዱ ሙቀት ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ይኸ ነው። ሽቦውን የሚገዛው ብዙ ጊዜ አባወራው ወይም አከራዩ ነው። እርጥብ መሬት ላይ፣ አንዳንዴም በባዶ እግሯ ቆማ፣ እጇ ሊጥ እንደነካው ማብሪያውን የምትጫነው ግን ጋጋሪዋ ናት። አንዱ ይቆጥባል፣ ሌላዋ ትከፍላለች። ትናንት ዓይኗን ለጭስ የገበረች ሴት ዛሬ ሕይወቷን ለሁለት ሜትር ሽቦ ማስያዝ የለባትም።

«መብራት» ማለቱን አንተወውም፤ መተውም የለብንም። ምጣድ ስንሰካ ግን መብራት ሳይሆን ኃይል እየሰካን መሆኑን እናስታውስ።